አባራሪው ያጎረሰው ነፍጥ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1876 ዓ.ም.፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ በደቡብ ካሮላይና ምድር የከምቢ ወንዝ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ ጉሙም ከውሃው ተነሥቶ በሩዙ እርሻ ላይ ይተኛል፤ ከእርሻው ተነሥቶ በግድቡ ላይ ይንፏቀቃል፤ ግድቡን ተሻግሮ ረግረጉ ውስጥ ሲገባና ከትላልቆቹ ዛፎች ላይ ከተንጠለጠለው፣ የዛፍ ሽበት ከሚባለው ግራጫ ተክል ጋር ሲገናኝ፣ ጉሙ የቱ፣ ሽበቱ የቱ እንደሆነ አይለይም ነበር። ሩዙ ደርሷል፤ አጫጅ ግን የለም። ወፎቹ በመንጋ እየመጡ ፍሬውን ይለቅማሉ፤ ሲነሡም ክንፋቸው እንደ ሩቅ ዝናብ ይሰማል፤ ከልካይ ስላልነበራቸው ጥጋባቸው ሌላ ነበር።

አጫጆቹ የት ገቡ ብትሉኝ፣ ልጆቼ፣ ከረግረጉ መካከል በምትገኝ ደረቅ ጉብታ ላይ ሰፍረው ነበር። ባርነት ከተሻረ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ይሁን እንጂ ባለ እርሻዎቹ የአጨዳውን ዋጋ በገዛ ሱቃቸው ብቻ በሚሠራ ወረቀት ይከፍሉ ስለነበር፣ የወንዙ ሰዎች «ገንዘብ ካላየን ማጭድ አንይዝም» ብለው፣ ድስታቸውንና ምንጣፋቸውን ተሸክመው ከመንደር ወጡ። መጀመሪያ ላይ እንደ ሠርግ ነበር፤ ይዘፈናል፣ ይጸለያል፣ ዓሣ ይጠበሳል። ኋላ ግን ወንዙ ዳር የባለ እርሻዎቹ ዘበኞች ቆሙና ዓሣ ማጥመድ ቀረ፤ ስኳር ድንቹ አለቀ፤ የቀረው የበቆሎ ቂንጬ ብቻ ሆነ።

በዚያን ጊዜ እማማ ፊባ የሚባሉ፣ የሙት ልጅ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ጠንካራ ሴት፣ በሰፈሩ መካከል ቆመው ተናገሩ።

«እኔ ከማንም በፊት ማጭዴን የጣልኩ ነኝ፤ ይህን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ዛሬ ሥጋ ከገባ እቆያለሁ፤ ካልገባ ግን ነገ ጠዋት ግድቡን ተሻግሬ ወደ አጨዳው እመለሳለሁ። ስድቡን አሁኑኑ ጀምሩት፤ ነገ ጊዜ የለኝም።»

ማንም አልሰደባቸውም። እሳቸው ከተሻገሩ ብዙ ቤት ተከትሏቸው እንደሚሻገር ሁሉም ያውቅ ነበርና፣ አጋዘን ይታደን ተባለ። በሰፈሩ የቀረው ባሩድ ግን ለአንድ ተኩስ ብቻ የሚበቃ ነበር።

በእኛ ወንዝ ዳር አደን እንዲህ ነው። አንዱ ነፍጥ ይዞ አጋዘኑ በሚወጣበት በር ላይ ያደፍጣል፤ ሌላው ውሾቹን ይዞ ከወዲያኛው ጫፍ ጥሻው ውስጥ ይገባና፣ እየጮኸ፣ ቀንድ እየነፋ አውሬውን ወደ አድፋጩ ያባርራል። እንግዲህ አባራሪው የሚራመደው ወደ አፈሙዙ ነው። በጌቶች ዘመን አድፋጩ ጌታ፣ አባራሪው ባሪያ ነበር፤ ጌታውም ያሻውን አጉርሶ ባሻው ጊዜ ይተኩስ ነበር። ከጥሻው ያልተመለሱ ሰዎች ነበሩ፤ ስማቸውን ከጸሎት ቤታችን በቀር የሚጠራ የለም። ነጻነት ሲመጣ ታዲያ የወንዙ ሰዎች አንድ ሕግ አወጡ፤ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልዘነጋውም፦ ባሩዱን አድፋጩ ይለካል፤ እርሳሱን ግን አባራሪው በገዛ እጁ መርጦ ያጎርሳል።

ምርጫውም ሁለት ነው። አንዲት ትልቅ ድቡልቡል እርሳስ አለች፤ «እናቲቱ» ይሏታል። ሽምብራ ሽምብራ የሚያህሉ ዘጠኝ ፍሬዎችም አሉ፤ እነሱ «ልጆቹ» ናቸው። እናቲቱ ስትተኮስ አንድ መንገድ ትሄዳለች፤ ልጆቹ ይበተናሉ።

የዚያን ቀን አባራሪ የነበሩት አባባ ሬንቲ ናቸው፤ የጸሎት ቤቱ መሪ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ለጌቶች ጥሻ ሲገቡ የኖሩ፣ ረግረጉን እንደ ገዛ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁ ሽማግሌ። አድፋጩ ደግሞ የልጃቸው የቲና ባል ሃምሳ አለቃ ሚንጎ ነበር፤ በጦርነቱ የሰሜኖቹን ሰማያዊ ልብስ ለብሶ የተዋጋ፣ ሲሰናበትም ነፍጡን ይዞ የተመለሰ ዝምተኛ ሰው። ጎህ ሲቀድ ሚንጎ ባሩዱን በአፈሙዙ አፍስሶ፣ ጨርቅ ወትፎ፣ ነፍጡን አቁሞ ለአማቱ አቀረበ።

«አባባ፣ እናቲቱን ያጉርሱልኝ» አለ፤ «ቅጠሉ በዝቷል። ልጆቹ ሳይደርሱ በየቅርንጫፉ ተበትነው ይቀራሉ፤ እሷ ግን ከባድ ናት፤ ቀንበጥ ብትነካም ገፍታ ታልፋለች።»

«ቀንበጥስ ትገፋለች፤ ግንድ ሲሆንስ?» አሉ አባባ ሬንቲ። «ስማኝ፤ በዚህ ወር አጋዘኑን ሙሉ አታየውም። ጆሮ ታያለህ፤ ጭራ ታያለህ፤ የቀረው ቅጠል ነው። በአንዲት እርሳስ ጆሮ ልትመታ ነው?»

«ይሄማ ቆሞ የሚጠብቀውን ዛፍም አይመታ!» አለ ኩፊ። ኩፊ የሰፈሩ ቀልደኛ ነበር፤ አጋዘን የሳተ ሰው የሸሚዙ ጭራ በቢላ ተቆርጦ ዛፍ ላይ ይቸነከራልና፣ ቢላውን የሚይዘው እሱ ነው። «ሃምሳ አለቃ፣ ሸሚዝህን አጥበኸዋል? ለእኔ ምቾት ስል ነው።»

«የአንተን ሸሚዝ ቆራርጠን ስለጨረስን ነው ራቁትህን የምትሄደው?» አለው ሚንጎ፤ ሰው ሳቀ።

«እንግዲያው ሁሉም ይግቡ!» አለ ኩፊ፤ «እናት ከነልጆቿ! ቤተሰብ ሲለያይ በቂ አይተናል!»

በዚህ ጊዜ የሳቁት አንዳንዶቹ ብቻ ናቸው።

«ሁሉም ከገቡ ባሩዱ አይችላቸውም» አሉ አባባ ሬንቲ፤ ከኪሳቸውም የጨርቅ ቋጠሮ አውጥተው ዘጠኙን ፍሬ መዳፋቸው ላይ ዘረገፉ። «ልጆቹ ይግቡ። ሦስቱ ቢጠፉ፣ ሦስቱ ቢስቱ፣ ሦስቱ ቤት ያገኛሉ።»

«ያልመቱት ስድስቱስ፣ አባባ፣ ማን ቤት ይገባሉ?» አለ ሚንጎ።

ሽማግሌው ፍሬዎቹን አንድ ባንድ ወደ አፈሙዙ ሲጥሉ፣ እያንዳንዱ ወደ ታች ሲወርድ ይሰማ ነበር። ከዚያም በላዩ ጨርቅ ወትፈው በዘንጉ ደለደሉት።

«ከአጋዘኑ ኋላ ያለሁት እኔ ነኝ» አሉ፤ «ስለዚህ መልሱ የእኔ ነው።»

ሚንጎ ነፍጡን አንግቶ ሲወጣ ቲና ከኋላው ደረሰችበት፤ እጁንም ያዘች።

«የአባቴ ግራ ጆሮ እንደማይሰማ ታውቃለህ አይደል? ውሾቹ ቢታጠፉ ሳያውቅ ፊት ለፊትህ ይመጣል።»

«አውቃለሁ።»

«ትንንሾቹ ልጆቻችንም ማታ ጨው የሌለው ቂንጬ ነው የበሉት። ቆሜ የቱን እንደምለምንህ አላውቅም፤ አባቴን ጠብቅልኝ ልበል፣ ሥጋ አምጣልኝ ልበል?»

ሚንጎ እጁን ከእጇ ቀስ ብሎ አወጣና ጉሙ ውስጥ ገባ።

የአጋዘኑ በር የሚባለው ስፍራ በሸምበቆውና በጥሻው መካከል ያለች ጠባብ መተላለፊያ ናት። ከዚያ ሚንጎ ጀርባውን ለአንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ ሰጥቶ ተቀመጠ። የጉሙ ብርሃን ከየትም አይመጣም፣ ወደየትም አይሄድም፤ የዛፉ ሽበት ነፋስ ሳይኖር ይወዛወዛል፤ አንዳንድ ጊዜ ውሃው ውስጥ አንድ ነገር ይገለበጥና ክቡ እየሰፋ ሄዶ ሸምበቆው ሥር ይጠፋል። እንዲህ ባለ ስፍራ የተቀመጠ ሰው እንቅልፍም አይተኛ፣ ነቅቶም አይነቃ፤ ያለፈው ሁሉ ከዛፍ ጀርባ እየወጣ ያየዋል። ሚንጎም ያን ሌላውን ጥሻ አየ፤ በጦርነቱ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ወደሚንቀሳቀስ ቅጠል የተኮሱበትን። ያን ቀን ያጎረሱት እናትን ከልጆቿ ጋር ነበር። ጭሱ ሲገፈፍ ቅጠሉን ያንቀሳቅስ የነበረው የራሳቸው ከበሮ መቺ፣ ውሃ ሊቀዳ የሄደው፣ ሆኖ ተገኘ። አሁንም ከሸምበቆው ዳር ቆሞ የሚያየው መሰለው፤ ከበሮው በደረቱ ላይ፣ ፊቱ ላይ ቅሬታ እንኳ የሌለበት።

«እሺ» አለው ሚንጎ፤ በቃል ይበለው በልቡ፣ ራሱም አላወቀም።

ከዘንጉ ጫፍ ያለችውን ጠምዛዛ ጥርስ አስገብቶ የላይኛውን ውታፍ ነቀለ፤ አፈሙዙንም ወደ መዳፉ ዘቅዝቆ ዘጠኙን ፍሬ ተቀበለ። አማቱ የሰጡት ሙቀት ገና ያልለቀቃቸው መሰለው። በኮሮጆው ከተታቸው፤ በምትካቸውም እናቲቱን በጨርቅ ጠቅልሎ አጎረሰ። በከምቢ ወንዝ ዳር ከነጻነት ወዲህ ይህን ያደረገ ሰው አልነበረም። እሱም ያውቅ ነበር፤ እያወቀም በዘንጉ ደለደላት።

ጥቂት ቆይቶ ከሩቅ ቀንድ ተነፋ፤ ውሾቹ ጮኹ፤ ጩኸታቸው ቀረበ፤ ከዚያ ወደ ወንዙ ታጠፈና ራቀ። ሚንጎ አደኑ የተበላሸ መሰለው። እነሆ ግን ቅጠሉ ያለ ድምፅ ተከፈተ፤ አጋዘኑም ቆመ። ትልቅ ነበር፤ ከቅጠል መካከል የሚታየው አንድ ጆሮና እርጥብ አፍንጫው፣ ደግሞም የትከሻው ጫፍ ብቻ ነበር። ጉሙ ከአፍንጫው የሚወጣ፣ ረግረጉንም የሞላው እሱ ተንፍሶ ይመስል ነበር። ሚንጎ በመካከላቸው ያለውን ሐረግ ሁሉ አየ፤ ለእርሳሷ የሚሆን እንደ መስኮት ያለ ክፍተት ፈለገ፤ አገኘም። አጋዘኑ ሊዘል ሲሰበሰብ ቃታውን ሳበ።

ጭሱና ጉሙ አንድ ሆኑ። በዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ኮቴ ሲርቅ ተሰማ፤ ውሃ ተንቦጫረቀ፤ ዝም አለ። ከዚያ፣ አጋዘኑ ከቆመበት ትንሽ ወዲያ፣ የሰው ድምፅ መጣ።

«ሃምሳ አለቃ፣ እኔ ነኝ።»

ሚንጎ ነፍጡን ጣለ። እየዳኸ፣ እሾህ እየቧጨረው ጥሻውን ሰንጥቆ ሲደርስ፣ አባባ ሬንቲ ከአንድ ለጋ ዛፍ አጠገብ ቆመዋል። ውሾቹ ታጥፈው ነበር፤ እሳቸውም አልሰሙም፤ አጋዘኑን እየተከተሉ ቀጥ ብለው መጥተዋል። ከለጋው ዛፍ ልጥ ላይ፣ በእሳቸው ደረት ትክክል፣ አንዲት ቁስል ነበረች። ሽማግሌው ጣታቸውን አስገብተው ለኳት። ቀጥለውም በዙሪያው ያለውን ቅጠል በትዕግሥት አዩ፤ አንድም የተበጠሰ አልነበረም።

«የሰጠሁህ ዘጠኝ ነበር» አሉ።

ሚንጎ ኮሮጆውን ከፍቶ ዘጠኙን አሳያቸው። «እነሆ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ፍሬዎቹን አንድ ባንድ ቆጠሩ። ከዛፉ ሽበት ላይ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።

«አዳንከኝ ልበልህ?»

«አይበሉኝ።»

«አልልህም። ዘጠኙ ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት እኔ ወድቄ ነበር፤ ምናልባትም አጋዘኑ ወድቆ ነበር፤ ምናልባትም ሁለታችንም። ይህን እኔም አንተም አናውቀውም። የማውቀውን ልንገርህ፤ ምን እንደምበላ፣ የት እንደማድር፣ ማንን እንደማገባ ሰው ሲወስንልኝ አረጀሁ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ስለ ገዛ ሥጋዬ የወሰንኩት እኔ ነበርኩ። አንተ ያን ከእጄ ወሰድክ፤ እንደ ጌታ ባይሆንም፣ እንደ ወዳጅ ወሰድክ። ከእጄ መውጣቱ ግን ያው ነው።»

«አባባ፣ ቲና…»

«ቲናን አትጥራ። አልቅስ ከፈለግህ፤ ግን እሷን አትጥራ።»

ወደ ሰፈሩ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ኩፊ ቢላውን ስሎ ይጠብቅ ነበር፤ ሚንጎም ሳይነገረው ጀርባውን ሰጠው። የሸሚዙ ጭራ ተቆርጦ ዛፉ ላይ ሲቸነከር አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም። ኩፊም ራሱ ቢላውን እያጠፈ «ይቅርታ ሃምሳ አለቃ፤ ዛሬ ቀልዱ ራሱ ርቦታል» አለ።

«ልጆቹን አጉርሰህለት እንዴት ሳተ?» ብለው እማማ ፊባ አባባ ሬንቲን ጠየቁ።

አባባ ሬንቲ ዋሽተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። «የነፍጡ ነገር በእኔና በእሱ መካከል ነው» አሉ፤ «ሌላውን ሁሉ ጠይቂኝ።» እማማ ፊባም ሌላ አልጠየቁም። ቲና ግን የአባቷን ፊት አየች፤ የባሏን ፊት አየች፤ ሄዳም ከሁለቱም በማይርቅ ስፍራ ተቀመጠች።

በማግስቱ እማማ ፊባ የልጅ ልጆቻቸውን ሰብስበው ግድቡን ተሻገሩ። «አልፈርድባችሁም፣ አትፍረዱብኝ» አሉ፤ «የልጅ ሆድ ስብሰባ አይቀመጥም።» ሌሎችም ቤተሰቦች ተከተሏቸው፤ ጉሙም አንድ ባንድ ተቀበላቸው፤ ማጭዳቸው ብቻ ለትንሽ ጊዜ ሲያብለጨልጭ ታየ። ሚንጎ ሁሉንም ቆሞ ሸኘ፤ አንዲት ሴት የጣለችውን ድስትም አንሥቶ ሰጣት። የቀሩት በሥራ ሥርና በዘንባባ እምብርት ሰነበቱ። ኋላም ከባለ እርሻዎቹ አንዳንዱ በገንዘብ ከፈለ፣ አንዳንዱ አሻፈረኝ አለ፤ ሰዉ በግማሽ ድል፣ በግማሽ ኀፍረት ወደ መንደሩ ተመለሰ።

አባባ ሬንቲና ሚንጎ በዚያ መፀው ሁሉ በአንድ ጸሎት ቤት ተቀምጠው፣ በአንድ ማዕድ በልተው፣ ስለዚያ ጠዋት አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ብርዱ ገብቶ ቅጠሉ ሲረግፍ ግን ሚንጎ ነፍጡን ይዞ ወደ አማቱ ደጅ ሄደ። አዲስ ባሩድ በአፈሙዙ አፍስሶ ነበር፤ በአንድ እጁ እናቲቱን፣ በሌላው ልጆቹን ይዞ ዘረጋ።

ሽማግሌው ሁለቱንም እጆች ተመለከቱ። ከዚያም ዘጠኙን አንሥተው አጎረሱ።

ሚንጎ ነፍጡን ተቀብሎ አነገተ። በአጋዘኑ በር ተቀምጦ ዘንጉን አልነካም። ጥሻው ተራቁቶ ነበር፤ ውሾቹ መጡ፤ አጋዘኑም ወጣ፣ እንደ ሕልም ቀስ ብሎ፣ በጎኑ ቆሞ፣ ፀሐይ በቀንዶቹ መካከል እያለፈች። ሚንጎ አነጣጠረ። ከአጋዘኑ ወዲያ ያለውን ግራጫ ቁጥቋጦም አየ፤ ሽማግሌው ከዚያ ይኑሩ፣ ሩቅ ይሁኑ አላወቀም። አውሬው በእርጋታ መንገዱን ተሻግሮ ሸምበቆው ውስጥ ገባ። ነፍጡ እንደጎረሰ ቀረ።

አባባ ሬንቲ እያለከለኩ ደረሱ።

«አላየኸውም?»

«አየሁት።»

«ታዲያ ምን ሆንክ? እጅህ ደርቆ ነው?»

«ማጉረሱ የእርስዎ ነው፣ አባባ» አለ ሚንጎ፤ «መሳቡ ግን የእኔ ነው።»

ሽማግሌው አፍጥጠው አዩት፤ አንድ እጃቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው፣ ጎንበስ ብለው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አንተ ግትር!» አሉት፤ «በል ና፤ ልጄ ቂንጬዋን ሳታቀዘቅዝብን።» ጎን ለጎንም ወደ ቤት ሄዱ።

በዚያ ዓመት ከተማ የታተሙ ጋዜጦች የከምቢ ወንዝ ጥቁሮች ነፍጥ ይዘው ረግረግ ውስጥ መሰብሰባቸውን በስጋት ጽፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡ ጸሐፊዎችም የሥራ ማቆሙን ነገር፣ የተከፈለውንና የተከለከለውን፣ በየመጽሐፋቸው ገጽ አስፍረዋል። አይከፋም፤ እንኳን ጻፉ። ነፍጥ መኖሩን ሁሉም አውቋል፤ በውስጡ ምን እንደጎረሰ፣ ማን መርጦ እንዳጎረሰው የጠየቀ ግን የለም። ታሪክ ተኩስ ሲሰማ ቀና ይላል፤ አንድ ሽማግሌ ስለ ገዛ ሥጋው ሲወስን፣ አንድ ጎልማሳም ጣቱን ከቃታው ሲያነሣ ድምፅ የለውምና፣ አልሰማቸውም። ሁለቱም ዛሬ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ፣ ድንጋይ በሌለበት መቃብር፣ የዛፉ ሽበት እላያቸው እየተወዛወዘ ተኝተዋል፤ አጋዘኖችም ጎህ ሲቀድ እየመጡ በላያቸው የበቀለውን ሣር ይግጣሉ።